በጋሼ ራስ ልክ

እህቴ ሜትር አትወድም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሜትር ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፤ አንዳንዴ እንዳንጠለጠልኩት ገበያ ደርሼ ስመለስ ነው ትዝ የሚለኝ። እሷ የኪሮሽ ኮፍያ ትሠራለች። በአንድ ክፍል ውስጥ የአንድ መስኮት ብርሃን እየተካፈልን ይህን ሁሉ ዘመን ስንሠራ፣ አንድ ቀን እንኳ «እስኪ ሜትርሽን አውሺኝ» ብላኝ አታውቅም ነበር። ለምን ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ሜትር ጠበቀኝ አይል፣ ላላኝ አይል።»

ጠበቀኝ፣ ላላኝ የሚለው ባሏ ነው።

ባሏን ጋሼ እለዋለሁ፤ ታላቅ እህቴን ሲያገባ እኔ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ራሱን በምላጭ ይላጫል፤ ክብ፣ ልሙጥ፣ ጉብታም ጎድጓዳም የሌለው ራስ ነው። እህቴ የሰውን ሁሉ ራስ የምትለካው በዚህ ራስ ነው። ደንበኛ ሲመጣ «እስኪ ጎንበስ በል» ትላለች፤ ሁለት መዳፎቿን ከጆሮው በላይ ግራና ቀኝ ታሳርፋለች፤ ዐይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ ከዚያ ፍርዷን ትሰጣለች። «ከጋሼሽ አንድ ጣት ያንሳል» ትለኛለች፣ ወይም «ከጋሼሽ ግማሽ ጣት ይበልጣል»፤ የጠየቃት ያለ ይመስል። ልኩን ካወቀች በኋላ ኮፍያውን ከጋሼ ራስ ላይ እያወጣችና እያወረደች ትሠራዋለች። ለተወለደ ሕፃን ልኩ የጋሼ ጡጫ ነው፤ ዓመት ለሞላው ጉልበቱ። ነፍሰ ጡር ሴቶች መጥተው የሽማግሌ ጉልበት ላይ ሮዝ ኮፍያ ሲጠለቅ ሲያዩ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ኮፍያው ግን ልክ ይመጣል። ስንቴ ተደብቄ በሜትሬ ለክቼባታለሁ! ስሕተት ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

ሰፈሩ ያለ ሹመት ያለ ሠራዊት «ራስ» ብሎ ሾመው። «ራስ አሉ?» እያሉ ነው ኮፍያ ለማዘዝ የሚመጡት። ጋሼም ይኮራል፤ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጥና «አለን፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኮፍያ ከአናት ይጀመራል፤ ትንሽ ቀለበት ተሠርታ በየዙሩ እየሰፋች ትሄዳለች። መስፋቷ ካለፈ እንደ ድስት ክዳን ተዘርግታ ትቀራለች፤ ካነሰ አናት ላይ ቆንጥጣ ትይዛለች። ስፋቷ ሲበቃት ሳትጨምር ሳትቀንስ ቀጥ ብላ ወደ ጆሮ መውረድ አለባት። ደግሞ ከራስ ትንሽ ጠበብ ትላለች እንጂ እኩል አትሆንም፤ ክር ሲደረግ ሲታጠብ ይለቃል። «አዲስ ኮፍያና አዲስ አማት መጀመሪያ ትንሽ ያስጨንቃሉ፤ ኋላ ይለቃሉ» ትላለች እህቴ። ያቺ «ትንሽ» ስንት እንደሆነች የሚናገረው ጋሼ ነበር። «ጆሮዬን በላኝ» ካለ ዙሩ ይተረተራል፤ «ደህና ነው፣ ግን ግንባሬን አወቀው» ካለ አልቋል፤ ክሩ ይቆረጣል።

ጋሼ ጡረታ ሲወጣ ሦስታችንም ደስ አለን። ከመስኮቱ ሥር ዝቅ ያለች ወንበር አደረግንለት፤ ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሥራው መንገዱን መቆጣጠር ሆነ። «ይሄንን ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠው! ታጠፍ! ታጠፍ እንጂ!» እያለ ሲቆጣ ይውላል፤ የሚሰማው ሾፌር ግን የለም። እህቴም ኮፍያዋን ከኋላው እየመጣች ታጠልቅበታለች፤ እሱም ዞር ሳይል «ጠበቀኝ» ይላል፤ እሷም ትመለሳለች። እኔ ደግሞ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ከዚህ የተሻለ ኑሮ የት ይገኛል እል ነበር።

ታዲያ ሰው ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይሠራል። ጋሼ ብርድ አገር የሚኖር ታናሽ ወንድም አለው፤ የጭነት መኪናዎች አሉት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠና፣

«ወንድሜ ና እያለኝ ነው» አለ። «ሾፌሮቹን የሚቆጣጠርለት የሚያምነው ሰው አጥቷል። ወሩ ሲያልቅ ልሄድ ነው። እዚህ ምን እሠራለሁ? እንደ ጉቶ ተቀምጬ የሰው ኮፍያ ከምሸከም።»

እህቴ ከሳህኗ ቀና ሳትል «ደስ ያለህን» አለች።

እህቴን የማያውቅ ሰው ይህን ፈቃድ ብሎ ይወስደዋል። እኔ አውቃታለሁ፤ «ደስ ያለህን» ከሷ አፍ ሲወጣ ከስድብ ይብሳል። ጋሼ ሌላ ቃል ይጨመር እንደሆነ ጠበቀ። እኔም ማንኪያዬን አየር ላይ ይዤ ጠበቅኩ። አትሂድ በይው እንጂ እያልኩ በልቤ ጮኽኩባት። እሷ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ተከትያት ገባሁ። «እትዬ፣ ለምን አትሂድ አትይውም?»

«ለምኜ ላስቀረው ነው?» አለች። «ሰው ከቤቱ ተለምኖ ይቀራል እንዴ? ከሰለቸው ይሂድ።» ይህን ብላ ሽንኩርት በሌለበት ዐይኗን በመዳፏ ጀርባ ጠረገች።

ተመልሼ ወደ ጋሼ ሄድኩ። «እውነት መሄድ ፈልገህ ነው ጋሼ?»

ዐይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ቅር የምትሰኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «አየሻት አይደል? ቅር አላላትም። እንግዲህ ልሂድ።»

ጥሎብኝ ግትር ሰው ያናድደኛል። አንድ ግትር በመከራ ይቻላል፤ ሁለት ግትሮች ተጋብተው ሲገኙ ግን ለጎረቤትም ለዘመድም ፍዳ ነው። እኔ እንደሁ ከሁለቱም ወገን ነኝ። ጋሼ ቢሄድ ያቺን ባዶ ወንበር እያየሁ መስፋት እንደማልችል አውቀዋለሁ፤ እህቴ ምን እንደምትሆን ደግሞ ማሰቡም ጨነቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ የባሏን ፊት ማየት ተወች። ምግብ ስታቀርብ የምታየው ሳህኑን ነው፤ ስታነጋግረው ግድግዳውን። እሱም አኩርፎ ከመንገዱ ጋር መጣላት እንኳ ቀነሰ። ሥራ ግን ኩርፊያ አያውቅም። በዚያው ሰሞን ታች ያለው ዳቦ ቤት ባለቤት፣ ድምፀ ትልቋ ሴትዮ፣ ከች አለች።

«ሠራተኞቼ ጸጉራቸው ሊጥ ውስጥ እየገባ ደንበኛ ሊያባርሩብኝ ነው» አለች። «ለሁሉም በጥጥ ክር ኮፍያ ሥሪልኝ። ጥብቅ ያለ ይሁን፤ አንድ ጸጉር አምልጦ እንዳይወጣ።»

እህቴ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዳ የሠራተኞቹን ራስ አንድ በአንድ በመዳፏ ያዘች። ስትመለስ እጇ ዱቄት በዱቄት ሆኖ፣ ልኩ ሁሉ ግን በቃሏ ነበር። ጋጋሪው ከጋሼ ጋር እኩል፣ አቡኪው ግማሽ ጣት የሚበልጥ፣ ዳቦ ተሸካሚው አንድ ጣት የሚያንስ። የጋሼን ራስ መዳፏ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሄዳ ዳግመኛ መንካት አላስፈለጋትም።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። እንዲያ ያለ ልኬት አይቼ አላውቅም። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ፤ እሷ ከኋላው መጥታ ኮፍያውን ጥልቅ፤ ጣቷን ከጠርዙ ሥር ሰድዳ ጥብቀቱን ታየዋለች፤ ታወልቃለች፤ ትሄዳለች። ዐይኗ ከክሩ አይነሳም፤ ጣቷም የሚያዳምጠው ክሩን ብቻ ነው። ጋሼ እንደ ወትሮው «ጠበቀኝ» እንዳይል አኩርፏል፤ እሷ «ጠበቀህ?» እንዳትል አኩርፋለች። ጣቷ ጠበቅ ሲልባት ጥቂት ሰፋ ታደርገዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ኮፍያዎቹን ጨርሳ፣ አጣጥፋ፣ ላከች።

አንድ ነገር ልናገር። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ መላጨቱን እንደተወ እኔ አይቻለሁ። ጸጉሩ ነጭ ጥጥ መስሎ እያደር ሽቅብ ሲወጣ አይቻለሁ። ያምርበታልም ብያለሁ። ግን ጡረታ የወጣ ሰው ጸጉሩን ቢያሳድግ ምን ይገርማል? ሚስቱም የምታውቅ መሰለኝ። አብራው የምትኖር ሚስት እንዴት አታውቅም?

ኮፍያዎቹ በሄዱ በማግስቱ ሴትዮዋ በራችንን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፤ አንዱን ኮፍያ አነሳችና በራሷ ላይ ጎተተችው። እስከ አፍንጫዋ ወረደ።

«ይሄ ኮፍያ ነው ወይስ ዘንቢል?» አለች ከውስጡ ሆና።

እህቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምን ሆነ?»

«ምን ያልሆነ አለ! ተሸካሚዬ የዳቦውን ትሪ በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ ኮፍያው ዐይኑ ላይ ወረደ። እንዳያነሳው እጁ ተይዟል። በራፉን አገኘሁ ብሎ ግድግዳውን አገኘ! ዳቦው መንገድ ለመንገድ ሲንከባለል ሰው የምርቃት መስሎት እያነሳ ሄደ። አንዲት ሴትማ ‹ነገም ታወጣላችሁ?› ብላ ጠየቀችኝ!» ሴትዮዋ ተቆጥታ ልትመጣ ተነስታ ነበር መሰለኝ፤ መንገድ ላይ ሳቋ ቀደማት፤ እንባዋን እየጠረገች ነው የምታወራው። «ጋጋሪውን ደግሞ ምድጃ ውስጥ ሳይገባ ነው የያዝኩት። አስተካክዪልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልልሽም።»

እህቴ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ኮፍያዋ ተመልሶባት አያውቅም። መጀመሪያ ክሩን ረገመች፣ ቀጥላ ኪሮሿን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሜትርሽን ይዘሽ ነካክተሽብኝ ይሆናል!» አለችኝ። ወዲያውም የጋጋሪውን ኮፍያ አንስታ፣ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ ከኋላ ሆና ጋሼ ራስ ላይ ጥልቅ አደረገችው።

ልክክ አለ።

«ይኸው!» አለች። «ይኸው ልክ ነው! ይኸው እኩል! የት ላይ ነው የላላው? ኑና እዩ!»

ሴትዮዋ ቀርባ ጋሼን ከፊት ለፊት አየችው። ኮፍያውን አየች፤ ከኮፍያው ሥር በጆሮው ዙሪያ የወጣውን ነጭ ጸጉር አየች። ከዚያ በቀስታ፣ በዚያ ትልቅ ድምፅዋ ሳይሆን በሌላ ድምፅ፣

«አንቺ ሴት» አለች፣ «ባልሽ እኮ ጸጉር አብቅሏል።»

እህቴ ኮፍያውን አወለቀችው። ዞራ ከፊቱ ቆመች። ከዚያ ምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ፊቱን የምታየው። ጸጉሩ ከኮፍያው ተላቆ ሽቅብ ቆመ፤ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ሌላ ሰው ነበር የሚመስለው፤ ትንሽ የሸመገለ፣ ትንሽም ያፈረ።

«መቼ ነው ይሄ ሁሉ የበቀለው?» አለችው።

«ስትለኪኝ» አለ ጋሼ። «በየቀኑ ራሴን ስትይዢ ነው የበቀለው።»

እኔ መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ።

«ለምን አሳደግከው?»

«የወንድሜ አገር ብርድ ነው» አለ። «ኮፍያ የለኝም።»

እህቴ ግድግዳውን አየችው፤ እኔም አየሁት። ከወለል እስከ ኮርኒስ ኮፍያ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ባለ መስመር፣ የሕፃን፣ የሙሽራ፣ የሽማግሌ። እዚያ ግድግዳ ላይ የጋሼ ራስ ያልገባበት ኮፍያ አንድም የለም።

«ሁሉም እኮ በራስህ ላይ ነው ያለፈው» አለች፤ ምን እንደምትል ስለጠፋት።

«አለፈ» አለ ጋሼ። «አለፈ እንጂ መች ቀረ?»

ሴትዮዋ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ብላ ለራሷ አጉተመተመች፤ ከረጢቷን ትታ፣ በሩን እንዳይጮኽ አድርጋ ዘግታ ወጣች። በዚያ በር እንዲህ በዝግታ ወጥታ አታውቅም። እኔም ልወጣ ነበር፤ እህቴ ግን እጇን ዘረጋችልኝ።

«ሜትርሽን አምጪ» አለችኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ወንበር ስባ ከጋሼ ፊት ለፊት፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተቀመጠች። ሜትሩን በራሱ ዙሪያ አዞረችው፤ በጸጉሩ ላይ ጠበቅ አደረገችው፣ ላላ አደረገችው። ቁጥሩን ለማየት ስትጠጋ ትንፋሿ ፊቱ ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ እጇ ቆመ።

«በየትኛው ልክ ልሥራልህ?» አለችው። «ከሄድክ ጸጉርህን አትላጨውም፤ በዚህ ልክ እሠራለሁ። ከቀረህ ትላጫለህ፤ በዱሮው ልክ ነው። አንዱን ንገረኝ፤ ኮፍያ ለሁለቱም አይሆንም።»

ጋሼ አየት አደረጋት። «አንቺ የቱን ትወጃለሽ?»

እህቴ በሕይወቷ ከባድ ሸክም ስታነሳ አይቻታለሁ። እንደዚያን ቀን አፏን ለመክፈት ስትቸገር ግን አይቻት አላውቅም። በይ እንጂ፣ በይ እትዬ፣ እያልኩ እኔም ጨርቄን ጨምድጄ ያዝኩ።

«አትሂድብኝ» አለች። «በዱሮው ልክ ልሥራልህ። አትሂድብኝ።»

ጋሼ ተነስቶ ከመደርደሪያው ምላጩንና ሳሙናውን አወረደ፤ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጣና ከፊቷ ተቀመጠ። ምላጩን እጇ ላይ አኖረላት።

«እንግዲህ አንቺው ላጪኝ» አለ። «እኔ ከኋላ አይታየኝም። አንቺ ደግሞ ከፊት አታዪኝም ነበር።»

«አፍህን ያዝ፣ እንዳልቆርጥህ» አለች እህቴ እያለቀሰች፤ ሳሙናውን ማረፋት ጀመረች። ስትጨርስ ራሱ እንደ ጥንቱ አበራ። መዳፎቿን ግራና ቀኝ አሳረፈች፤ ዐይኗን ግን አልጨፈነችም። ከዚያ ሜትሬን ወደ እኔ ወረወረችው፤ «ያዢ ይሄን ገመድሽን!»

የዳቦ ቤቱ ኮፍያዎች ሁሉ ተተረተሩ። ጋሼ ክሩን እየሳበ ይፈታል፣ ይጠቀልላል፤ እሷ እንደገና ትሠራለች። ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ጋሼ ያኮረፈውን ሁሉ በአንዴ አወጣው፤ «ጠበቀኝ»፣ «ጆሮዬን በላኝ»፣ «ይሄስ አቡኪው ራስ ላይ ቁንጫ ነው የሚመስለው»፤ መስኮቱም አልቀረለትም፣ «ታጠፍ እንጂ፣ የፈረደብህ!» ተሸካሚው አዲሱን ኮፍያ አድርጎ በበራችን ሲያልፍ ትሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሰላም ይለናል፤ ኮፍያው ንቅንቅ አይልም። ከዳቦ ቤቱ ሥራ በፊት ግን የተሠራው የጋሼ ነው። ደማቅ ሰማያዊ፣ የአውቶቡሱ ቀለም። እህቴ ጨምራም ቀንሳም አላሰላችም፤ ከእሱ የሚያንስ ከእሱ የሚበልጥ የለበትም፤ በቀጥታ እሱን ነው የሠራችው።

ወሩ ሲያልቅ ወንድሙ ደወለ። እኔ እሰፋለሁ፤ ጋሼ ሰማያዊ ኮፍያውን አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ወንበሩን ግን አዙሮታል፤ አሁን ግማሹ ለመንገዱ ነው፣ ግማሹ ለእኛ።

«አልመጣም ወንድሜ» አለ። «ራሴን ተላጭቻለሁ፤ ያንተን ብርድ አልችለውም።»

«ኮፍያ ጠፍቶ ነው?» የወንድምየው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል። «እዚህ መዓት ኮፍያ አለ፣ እገዛልሃለሁ!»

«አለኝ» አለ ጋሼ። «የራሴ አለኝ። እዚህ የሚደረግ ነው።»

እህቴ አዲስ የጀመረችውን ኮፍያ ይዛ መጣች፤ ከፊት ለፊቱም ቆመች። ጋሼ የራሱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ጎንበስ አለላት። ያንን ጥልቅ አደረገችበት፤ ጠርዙን ያዝ አድርጋ ዐይን ዐይኑን እያየች ጠበቀች።

«ጠበቀኝ» አለ።